ዜማና የሕመምተኛ ፈቃድ

ስለ ቅዱስ ያሬድ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንሰማው የቀረን ጥቂቶች ነን። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ፈሰሰ። ይሁን እንጂ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ የተወጋውም አልተሰማውም፣ የወጋውም አላየም። ይህ የሆነው በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል።

ታሪኩ ሲነገር የምናደንቀው ዘወትር የተወጋውን ነው። ብረት ሥጋውን ሲበሳው ያላወቀ ሰው በመንፈሱ ምን ያኽል ርቆ ሄዶ ይሆን እንላለን። ስለ ወጋው ግን ብዙ ሲያስብ ያየሁት ሰው የለም። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያሬድንም ይወደው ነበር፤ የወጋውም ዜማው እጁንና ዐይኑን ስላስረሳው ነው። እንግዲህ ያ ዜማ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ለአንደኛው ሥቃዩን አስረሳው፤ ለሁለተኛው ደግሞ የሚያሠቃይ መሆኑን አስረሳው።

በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች በሚገኙ ሐኪም ቤቶች፣ ጥርስ ሲነቀል፣ የተቃጠለ ሰው ቍስል ሲታጠብ፣ እናት ከወገቧ በታች ደንዝዛ በኦፕራሲዮን ስትወልድ፣ ወይም ሕመምተኛ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባቱ በፊት ተራውን ሲጠብቅ ሙዚቃ ማሰማት እየተለመደ ሄዷል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያከራክር አይመስልም። ወጪው ጥቂት ነው፤ ጕዳቱ አይታይም፤ ደግነቱም ግልጽ ነው። እኔ ግን ስለዚህ ጕዳይ ባነበብሁና ባሰብሁ ቍጥር ያ ጦር ይታየኛል። ዜማው የሚያስረሳው ማንን ነው? የተኛውን ነው ወይስ ብረት የያዘውን?

ለሕሙማን ዜማ ማሰማት የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደሚነበበው፣ ክፉ መንፈስ ሳኦልን ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገናውን እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። በእኛም አገር ባለ ዐሥር አውታሩን በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ብለን የምናከብረው፣ በዐቢይ ጾምም ልባችንን ለመሰብሰብ የምንሰማው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዳሩ ግን ይኸው መጽሐፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ዳዊት በገናውን በሚደረድርበት ሰዓት ሳኦል ጦር እንደ ወረወረበት ይነግረናል። (በያሬድም ታሪክ በዳዊትም ታሪክ ጦር ከዜማ አጠገብ መገኘቱ ሳያስገርመኝ አልቀረም።) ታሪኩን የጻፈው ሰው ዜማን እንደ አስማት አልቈጠረውም፤ አንድ ቀን የረዳ ነገር በሌላው ቀን ሊያቅተው እንደሚችል ሳይሸሽግ ጽፎታል።

ቱርኮችም በዚህ የታወቁ ነበሩ። ዳግማዊ ሱልጣን ባያዚድ በኤድርኔ ከተማ ባሠሩትና በ1488 ዓ.ም. በተፈጸመው ሐኪም ቤት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለሕሙማን የሚዘፍኑና መሣሪያ የሚመቱ ዐሥር ባለሙያዎች ተቀጥረው በሳምንት ሦስት ጊዜ ያሰሙ እንደ ነበረ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኤቭሊያ ቸለቢ የተባለው መንገደኛ ጽፏል። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ ሲከፈላቸው ሥራው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሕክምና ተቈጥሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ጕዳዩ መልኩን የለወጠው ማደንዘዣ ከተገኘ በኋላ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ በኤተር አደንዝዞ፣ ሌላ ሐኪም ከሰውየው አንገት ላይ እብጠት ሲያወጣ በብዙ ሰዎች ፊት ታየ። ከዚያ በፊት ኦፕራሲዮን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን በጕልበተኞች አስይዞ በተቻለ ፍጥነት መቍረጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ተኛ፤ ጩኸቱም ቀረ። ይህ ለሰው ልጅ የተሰጠ ታላቅ ምሕረት ነው። ሆኖም ያልተኛ ሕመምተኛ ከዓለም አልጠፋም። የሚቈረጠው ቦታ ብቻ የደነዘዘለት ሰው ዐይኑን ገልጦ ጣራውን እያየ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ እየሰማ፣ ሐኪሞቹ ዝም ሲሉ ምን አግኝተው ይሆን እያለ ይጨነቃል። ሥጋው ደንዝዟል፤ ፍርሃቱ ግን አልደነዘዘም።

ይህን ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የነበረው ኢቫን ኦኒል ኬን የተባለ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1914 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በላከው አጭር ደብዳቤ፣ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ማኖሩንና ይህም የሕመምተኞችን ፍርሃት እንደሚያስታግሥ ገለጸ። ከሰባት ዓመት በኋላም፣ በ1921 ዓ.ም.፣ ትንንሽ ኦፕራሲዮኖችን ለማድረግ የቦታ ማደንዘዣ እንደሚበቃ ለማሳየት የገዛ ራሱን ትርፍ አንጀት በገዛ እጁ ቀዶ አወጣ። ብረት የያዘውና የተኛው አንድ ሰው የሆኑበት ጊዜ በታሪክ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ለሌሎቻችን ግን ሁለቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በዚህ አሠራር ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነቀፋ፣ ነገሩ ማታለል ነው የሚል ነው። ሕመሙ በቦታው አለ፤ እናንተ ግን የሰውየውን ሐሳብ በዘፈን እየሰረቃችሁ የሌለ ታስመስላላችሁ ይላሉ። ይህ ነቀፋ የቆመው ሕመም ማለት በቍስሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ የቍስሉ መጠንም የሕመሙ መጠን ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ይህም ሐሳብ እውነት አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሄንሪ ቢቸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጽኑ የቈሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ በ1946 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያኽሉ ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ ሲባሉ አያስፈልገንም እንዳሉ አስታወቀ። ቢቸር እንደ ተረዳው፣ ለወታደሩ ያ ቍስል ከእሳቱ ወጥቶ በሕይወት ወደ አገሩ የሚመለስበት ደጃፍ ነበር። ያንኑ ያኽል ቍስል በሰላም አገር፣ በሥራው ላይ ሳለ የደረሰበት ሰው ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሲጮኽ ባደረ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ይህን በአካል አሠራር ለማስረዳት ሞከሩ። እነርሱ እንዳሉት ከሥጋ የሚነሣው መልእክት በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ሰረሰር ሲያልፍ እንደ በር ያለ ነገር ያጋጥመዋል፤ ይህንንም በር ከአእምሮ የሚወርድ ሌላ መልእክት፣ ማለት ፍርሃት ወይም ተስፋ ወይም የሐሳብ ወደ ሌላ ማዘንበል፣ ሊከፍተው ወይም ሊያጠበው ይችላል። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በዝርዝሩ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን አልተናደም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ1979 ዓ.ም. ባወጣውና በ2020 ዓ.ም. ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመምን የሥጋ ስሜት ብቻ ሳይሆን የልብም ስሜት አድርጎ ይገልጸዋል።

እንዲህ ከሆነ ዘንድ ፍርሃትን የቀነሰ ሰው ሕመምን አልሸፈነም፤ ከሕመሙ ከራሱ አንዱን ክፍል አነሣ እንጂ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከኀዘንተኛው አጠገብ የሚቀመጥ ጎረቤት የሞተውን አያስነሣም፤ አታላይ ነው ግን የሚለው የለም።

ነገር ግን ነቀፋው በዚህ ጨርሶ አይወድቅም፤ አንድ የሚያስቸግር ምርመራ አለና። በ1960 ዓ.ም. ጋርድነር የተባለ የጥርስ ሐኪምና ሊክላይደር የተባለ የድምፅ ምርምር ሊቅ ከባልደረባቸው ጋራ ሆነው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አዲስ ዘዴ አስታወቁ። ጥርሱ የሚሠራለት ሰው ጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል፤ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሕመም ሊመጣ ነው ሲል ደግሞ እንደ ፏፏቴ ያለ ድምፅ ይጨምርበታል። ብዙ ሰዎች ያለ ማደንዘዣ ጥርሳቸውን አሠሩ ተባለ፤ መሣሪያውም በብዙ ጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ገባ። በ1963 ዓ.ም. ግን ያው መልዛክ ከሌሎች ጋራ ሆኖ ነገሩን በፈቃደኞች ላይ ሲፈትነው፣ ብርቱው ድምፅ ብቻውን አልረዳም፤ ይህ ድምፅ ሕመምህን ያስታግሣል የሚለው ማሳመኛም ብቻውን አልረዳም፤ የረዳው ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሚሠራው ሰውየው እንደሚሠራ ሲያምን ነው ማለት ነው። ታዲያ ሐኪሙ እንዲታመን ሲል አጋኖ ይናገር ዘንድ ይፈቀድለታልን?

ለእኔ እንደሚመስለኝ አይፈቀድለትም፤ ደግሞም አያስፈልገውም። አያምህም ብሎ መርፌ የሚወጋ ሰው ዋሽቷል፤ በሁለተኛውም ጊዜ የሚያምነው አያገኝም። ጥቂት ያምሃል፤ ይህን እየሰማህ ቢሆን ግን ብዙ ሰዎችን እንደ ረዳቸው አንተንም ሊረዳህ ይችላል ብሎ የተናገረ ሰው ግን እውነቱን ተናግሯል፤ እምነትም ሰጥቷል። ተስፋ ለመስጠት የግድ መዋሸት አያሻም፤ እውነቱ ራሱ በቂ ተስፋ ካለው።

እውነቱ ምን ያኽል ተስፋ አለው? ከዚህ ላይ ቍጥሮቹን ማየት ይገባል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ግምገማ 51 ጥናቶችንና በእነርሱ የተካፈሉ 3,663 ሰዎችን መርምሮ፣ ሙዚቃ የሰሙት ሰዎች ሕመም ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው መለኪያ በአማካይ ግማሽ ነጥብ ያኽል ዝቅ ማለቱን አገኘ። ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2015 ዓ.ም. ያወጣውና 73 ጥናቶችን የሰበሰበው ሌላ ግምገማ ደግሞ የተሻለ ተስፋ ይሰጣል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመሙም ጭንቀቱም ቀንሷል፤ የሚወሰደው ማስታገሻ መድኃኒት አንሷል፤ ሕሙማኑም በሕክምናቸው ይበልጥ ተደስተዋል፤ ሐኪም ቤት የሚተኙበት ቀን ግን አላጠረም። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ሙሉ በሙሉ ተኝተው ሳለ ሙዚቃ የተሰማላቸው ሰዎች እንኳ ሳይጠቀሙ አለመቅረታቸው ነው። በጠቅላላው ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ መጠኑ ግን ልከኛ ነው።

እንግዲህ ልከኛ መሆኑ ትልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ያመጣል። ዜማ ርካሽ ነው፤ መድኃኒት ውድ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሐኪም ቤት፣ ወይም በጀት የሚያቀናንስ ባለሥልጣን፣ ርካሹ ውዱን ይተካው ቢል ማን ይከለክለዋል? ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። ላንሴት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ በ2017 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በዓለም ላይ በአማካይ በየዓመቱ ከተከፋፈለው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ቶን ብርቱ ማስታገሻ ውስጥ እጅግ ድኾች ለሆኑት አገሮች የደረሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ይህን ቍጥር ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሦስት ሺህ እጅ አንድ እጅ ያኽል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ ለባለጸጋው ሞርፊን፣ ለድኻው ዘፈን የሚል ሥርዓት ቢመጣ ስሙን ምሕረት ብለን ልንጠራው አንችልም። የተቃጠለ ሕፃን ቍስሉ በሚታጠብበት ጊዜ ሙዚቃ ቢሰማ መልካም ነው፤ ሙዚቃው ግን ማስታገሻው ከተሰጠው በኋላ የሚጨመርለት እንጂ ማስታገሻውን የሚያስቀርበት መሆን የለበትም። መድኃኒቱ ከሌለም፣ እስኪመጣ ድረስ ዜማው ይሰማለት፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚጠየቅበት ደብዳቤ መጻፉ በዜማው ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ።

ለጭንቀት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በስዊድን 372 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ኦፕራሲዮን ከመደረጋቸው በፊት ረጋ ያለ ሙዚቃ የሰሙት ሰዎች፣ ሚዳዞላም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ ጭንቀታቸው ይበልጥ መቀነሱን አሳይቷል። መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣል፤ ትንፋሽንም ሊያዳክም ይችላል፤ ዜማ እንዲህ ያለ ጕዳት የለበትም። እንዲህ ባለው ቦታ መተካት ነውር አይደለም፤ የሚጠቀመው ራሱ ሕመምተኛው ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጥብኝ ጥያቄ፣ ዜማውን ማን ይምረጥ የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ግምገማ፣ ሕመምተኛው ራሱ ቢመርጥም ሌላ ሰው ቢመርጥለትም በውጤቱ ላይ ያገኘው ልዩነት ጥቂት ነው። ይህን ሲያነብ አንድ ቸኵል ሰው፣ እንግዲያው መጠየቁ ጊዜ ማባከን ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። መጠየቅ ውጤቱን ብዙ የማይለውጠው ከሆነ፣ የምንጠይቀው ለውጤቱ ስንል ሳይሆን ሰውየው ሰው ስለሆነ ነው። የሆድ ዕቃ ሲታከም የአፍ መልካም ቃል ውጤቱን ባይለውጠውም፣ ሐኪሙ ሕመምተኛውን እንደ ዕቃ ያገላብጠው ዘንድ አልተፈቀደለትም።

እስቲ አንዲት በሁዳዴ ጾም የታመመች ባልቴትን በሐሳባችን እንመልከት። እግሯ ላይ ያለው ቍስል በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ቍስሉን የምታጥበው ነርስ ወጣት ናት፤ ደግ ናት፤ ባልቴቷ እንዳይሰማት ብላ ከስልኳ ላይ የሰሞኑን የፍቅር ዘፈን ትከፍታለች። ባልቴቷ በጾም ዘፈን ሰምታ አታውቅም። ሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ተጨመረባት፤ ነገር ግን እጇ ላይ የተደገፈችባትን ልጅ ላለማሳፈር ዝም አለች። በመለኪያው ላይ ምናልባት ግማሽ ነጥብ ሕመም ቀንሶላት ይሆናል፤ ነገር ግን መለኪያው የጠፋባትን ነገር አይለካም። ይህችው ባልቴት ምን ልክፈትልሽ እናቴ ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ የበገና ድርደራ ወይም ውዳሴ ማርያም ትል ነበር። ከወሎ የመጡ ሽማግሌ መንዙማ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሌላው ሙስሊም ደግሞ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ፈጽሞ ሊሰማ አይወድ ይሆናል። ልጁን ገና የቀበረ አባት ምንም ዐይነት ዜማ ላይሻ ይችላል። ይህን ሁሉ በመልክ ዐይቶ መገመት አይቻልም፤ የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ዜማ እንደ ክኒን አንድ ዐይነት ሆኖ ለሁሉ የማይታደለው ለዚህ ይመስለኛል። ክኒኑ የማንም አይደለም፤ ዜማ ግን ሁልጊዜ የአንድ ሰው፣ የአንድ ቤት፣ የአንድ እምነት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቤቷ ከበው ማርያም ማርያም የሚሉላት ጎረቤቶች ድምፃቸው ያማረ ስለሆነ አይደለም የሚረዷት። የራሷ ሰዎች ስለሆኑ ነው፤ በዚያ ጥሪ ውስጥ ብቻሽን አይደለሽም የሚል ቃል ስላለበት ነው። በያሬድም ዘንድ ያንን ዜማ የዘመረው ራሱ ያሬድ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ንጉሡ የመረጠለት ዜማ አልነበረም። ንጉሡም ከተመስጦው ነቅቶ ደሙን ባየ ጊዜ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር፣ የደምህ ካሣ ምን እንዲሆንልህ ትወዳለህ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በምናኔ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነው። ንጉሡ አልወደደውም ይባላል፤ ነገር ግን ጠይቋልና ፈቀደለት።

አሁን ብረት ወደ ያዘው ሰው እንመለስ። ሙዚቃ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ለሐኪሙም የሚሰማ ነው፤ እንዲያውም ሕመምተኛው በተኛበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ለሐኪሙ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ 50 የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የሒሳብ ሥራ ተሰጥቷቸው ሲፈተኑ፣ ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ እየሰሙ የሠሩት ሥራ ሌላው ከመረጠላቸውም፣ ያለ ሙዚቃ ከሠሩትም ይልቅ ፈጣንና የተስተካከለ ሆነ። (ለሐኪሞቹ ሲሆን የራስ ምርጫ ብልጫ አለው መባሉን አንባቢ ልብ ይሏል።) የተፈተኑት ግን በሒሳብ ነው እንጂ በሰው ሆድ ላይ አይደለም፤ ደግሞም እያንዳንዱ ብቻውን ነበር። ኦፕራሲዮን ብቻውን የሚሠራው ሰው የለም። በእንግሊዝ አገር የ20 ኦፕራሲዮኖችን ፊልም መርምረው በ2015 ዓ.ም. ያሳተሙ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ሙዚቃ በሚሰማበት ጊዜ አንዱ ለሌላው የተናገረውን እንደገና መድገም ሙዚቃ ከሌለበት ጊዜ ይልቅ አምስት እጥፍ ያኽል በዝቷል። መቀስ ስጪኝ ሲል ያልሰማች ነርስ መቀሱን ለመስጠት ጥቂት ሰከንዶች ትዘገያለች፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ የሚጎዳበት ቀን ግን አለ።

ያልተኛው ሕመምተኛ ደግሞ የራሱ ቃል አለው። ሕመም ክፉ ብቻ አይደለም፤ ወሬ አምጪም ነው። የጥርስ ሐኪሙ መርፌ ያልደነዘዘ ጅማት ሲነካ ይህን የሚነግረው የሕመምተኛው አመመኝ ማለት ነው። በፊላዴልፊያ ከተማ 157 ሰዎችን ይዞ የተደረገና በ2019 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ከመወጋታቸው በፊት በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ የሰሙት ሰዎችና ሚዳዞላም የተሰጣቸው ሰዎች ጭንቀታቸው በተቀራረበ መጠን መቀነሱን አገኘ። ነገር ግን ሙዚቃ በሰሙት ዘንድ ሐኪሙም ሕመምተኛውም እርስ በርስ መነጋገር እንዳስቸገራቸው ተናግረዋል፤ በሕክምናቸው የተደሰቱትም ይበልጡን መድኃኒት የወሰዱት ናቸው። ሙዚቃውን የመረጡት ተመራማሪዎቹ ነበሩ። ስለዚህ ጆሮውን በዜማ ዘግተን ያረጋጋነው ሰው፣ በዚያው መጠን ከእኛ ርቋል። ጸጥ ማለቱን እንደ ደኅንነት መቍጠር እንጀምራለን። ያ ጸጥታ ሐኪሙን ደስ ያሰኘዋል፤ አደጋውም ከዚህ ላይ ነው፤ ሕመምተኛው እንዳይሠቃይ ብለን የጀመርነው ነገር ሥቃዩ እኛን እንዳያውከን ወደ ማድረግ ሳናውቀው ሊዞር ይችላልና።

በዚህ ረገድ የ1960 ዓ.ም.ቱ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ምንም እንኳ ዝናው ቢያልፍበት፣ አንድ የሚያስመሰግነው ነገር ነበረው። የድምፁን መጠን የሚጨምረውና የሚቀንሰው መዘውር በሕመምተኛው እጅ ውስጥ ነበር። አፉ ተከፍቶ መናገር የማይችለው፣ እጁ ከወንበሩ ጋራ የተጣበቀው ሰው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያዘው አንድ ነገር ነበረው። ከረዳውም ነገር እኩሌታው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ዛሬ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመምተኛው ካርድ ሲወጣለት ዕድሜውና የሚያስቈጣው መድኃኒት እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ዜማ መስማት ይወድ እንደሆነና ምን ዐይነት እንደሆነ አንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ በኋላ፣ ልብሱን አውልቆ በጀርባው ከተኛ በኋላ መሆን የለበትም፤ በዚያ ሰዓት የተጠየቀ ሰው ለሁሉ ነገር እሺ ይላል። ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ከተኛ በኋላ አይጠየቅምና አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። መናገር ለማይችለው ሕፃን እናቱ ትጠየቅ፤ ከሁሉም የሚሻለው የእናቱ ድምፅ ሊሆን ይችላልና፣ የሥራው ሥርዓት ከፈቀደ ከአጠገቡ ሆና እሽሩሩ ትበለው። ሙዚቃው ተጀምሮ ሳለ ሕመምተኛው እጁን ቢያነሣ ይቁም።

ከተጠየቁትም መካከል ምንም አልሻም፣ ዝም ይበልልኝ የሚሉ ይኖራሉ። አንዳንዱ በልቡ ጸሎት ያደርሳል፤ አንዳንዱ የሚሆነውን ሁሉ ነቅቶ መከታተል ይሻል፤ አንዳንዱ ምክንያቱን አይናገርም፤ የመናገርም ግዴታ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው በካርዱ ላይ ዝምታ ተብሎ ይጻፍለት፤ በዚያም ክፍል የሚሠሩት ሁሉ፣ ዋናው ሐኪም ጭምር፣ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ የራሳቸውን ሙዚቃ ይዝጉለት።